«ልጄን አምጡልኝ» ለሚሉ እናት፦ ስለ ሃሪኬን፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ ጣና መብረቅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከሺምብጥ ነው። እህቴ ሂውስተን፣ ቴክሳስ ትኖራለች። በየዓመቱ የሃሪኬን ወቅት ሲገባ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ይዛው ታድራለች። ‹ልጄን አምጡልኝ› ትላለች። እህቴ ደግሞ ‹እዚህ ሃሪኬን ሲመጣ በቀናት ቀድመው ይነግሩናል፤ እኔ የምፈራው የእናንተን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው› ብላ ትመልሳለች። ለመሆኑ የባሰ አደጋ ላይ ያለው ማነው? እናቴንስ ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የአየር ጠባይ ጉዳይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ስለሆነ እሱን እመልሰዋለሁ። ሌላው የእናትህ እንቅልፍ ነው። ይሄኛው ይከብዳል። ግን የመጀመሪያው በደንብ ከገባን ሁለተኛውም ይቀላል።

እናትህ አልተሳሳቱም። እህትህም አልተሳሳተችም። ሁለቱም የሚፈሩት ያልለመዱትን ነው። አብሮን ያደገ አደጋ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ ክፋቱን ብናውቅም ስሙንና መውጫ መግቢያውን እናውቀዋለን። ስለ ሥጋት የሚያጠናው ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ አሳይቷል። ፍርሃታችንን የሚያገዝፉት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ነገሩ ከእጃችን የወጣና የሚያርበደብድ መሆኑ ነው። ሌላው እንግዳነቱ ነው። «ስንት ሰው ይጎዳል?» የሚለው ቁጥር ልባችን ውስጥ ከነዚህ በኋላ ነው የሚገባው።

ስለዚህ እኔ «የቱ ያስፈራል?» ብዬ አልጀምርም። የማስቀድመው «ከመምጣቱ በፊት ስንት ጊዜ ይሰጠኛል?» የሚለውን ነው። ቀናት ከሰጠኝ ዕቃዬን እሰበስባለሁ። ሰዓታት ከሰጠኝ ወደ ከፍታ እወጣለሁ። ግማሽ ደቂቃ ከሰጠኝ ወደ ቤት እሮጣለሁ። ምንም ካልሰጠኝ ደግሞ ሥራው ሁሉ ቀድሞ፣ በደህናው ቀን መሠራት አለበት።

እስቲ ከሃሪኬን እንጀምር።

ሃሪኬን የሚወለደው ባሕር ላይ ነው። ነዳጁ የሞቀ ውሃ ነው። የባሕሩ ገጽ ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሞቅ አለበት። ሙቀቱም ወደ 50 ሜትር ያህል ወደ ታች መዝለቅ ይኖርበታል። ከዚያ ውሃ የሚተነው እርጥበት ሽቅብ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል። አየሩ ይበልጥ ይነሳል። ከሥር ሌላ አየር ይስባል። የመሬት መሽከርከር ደግሞ ሁሉንም ያዞረዋል። ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሃሪኬን ይባላል። ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ 5ኛው ከ252 ኪሎ ሜትር ይጀምራል።

«ጣና ሃሪኬን ሊያወጣ ይችላል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። አይችልም። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃውም ያን ያህል አይሞቅም። ማታ ማታ ቆርቆሯችንን የሚያንገጫግጨው ወጀብ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሳይክሎን የሚባለው የሕንድ ውቅያኖሱ ወንድሙ ግን አልፎ አልፎ ወደ ምሥራቅ ያገራችን ጫፍ ብቅ ይላል። በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው ሶማሌላንድን መትቶ ዝናቡ ሶማሌ ክልል ድረስ ገብቷል። ባሕር ዳር ድረስ የሚያመጣው መንገድ የለውም፤ ባሕሩን ሲለቅ ነዳጁ ያልቅበታል።

የአትላንቲኩ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 መሆኑ ነው። ለእናትህ «በኅዳር ጽዮን ያበቃል» በላቸው፤ አይረሱትም። ጣራ የሚነካው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ማለትም ጳጉሜን 5 ገደማ ነው። እኛ ችቦ ስናስር እነሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። በአማካይ በዓመት ስም የሚወጣላቸው ወጀቦች 14 ናቸው። ከነዚህ 7ቱ ሃሪኬን ይሆናሉ። 3ቱ ደግሞ ከባድ የሚባሉት ናቸው። አብዛኞቹ ሂውስተን አጠገብም አይደርሱም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስንት ዓመት ሠርቼበት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በክረምት ከእኛ ደጋና ከዳርፉር ተራሮች በላይ ነጎድጓዳማ ደመና ይከመራል። ከዚያ አካባቢ የሚነሱ የአየር ሞገዶች ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። ሳህልን አቋርጠው በሴኔጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣሉ። በዓመት 60 ያህል ናቸው። የሚበዙት እዚያው ይበተናሉ። ጥቂቶቹ ግን የሞቀ ባሕር ይገጥማቸዋል። ከባድ ከሚባሉት የአትላንቲክ ሃሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ ዘራቸው ከእነዚህ ሞገዶች ነው። እናትህ በነሐሴ ቀና ብለው የሚያዩት ሰማይና እህትህ በመስከረም የምታየው ሰማይ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

አሁን ያየሁትን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለአጭር ሥልጠና ሂውስተን ሄጄ ነበር። ሃሪኬን አይክ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ። ያረፍኩት ጎንደሬዎች ቤት ነው። ሴትየዋ ዶሮ ሠርታ፣ ድፎ ደፍታ፣ ቄጠማ የሚመስል ሣር ፈልጋ ጎዝጉዛለች። ቴሌቪዥኑ ነጭ ክብ ደመና እያሳየ ነው። ምሳ እንደበላን ባልየው መሰላል አቁሞ መስኮቶቹን በኮምፔርሳቶ መምታት ጀመረ። እኔ ሚስማር አቀብላለሁ። ልጆቹ የመታጠቢያ ገንዳውን በውሃ ሞሉት። ለመጠጥ አይደለም፤ ውሃ ቢቋረጥ ለሽንት ቤት ነው። ሴትየዋ ፓስፖርቱን፣ የልደት ካርዱን፣ የቤቱን ውል በላስቲክ ጠቀለለች። ከዚያ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ከትታ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለችው። የሚጮህ ሰው የለም። የሚሯሯጥም የለም። ቤቱ ሌላ በዓል የሚያሰናዳ ነበር የሚመስለው።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አይክ ጋልቬስተን ገባ። ጋልቬስተን ደሴት ናት፤ ከሂውስተን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኛ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተኝተናል፤ መስኮት የሌለው ቦታ እሱ ብቻ ነው። መብራት ጠፋ። ነፋሱ እንደኛ ወጀብ መጥቶ የሚሄድ አይደለም። ለሰዓታት ይቆያል። ጣራው ላይ ሰው የሚሮጥ ይመስላል። ፈራሁ? አዎ፣ በጣም ፈራሁ። ልጆቹ ግን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጠዋት መንገዱ በዛፍ ተዘግቷል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት የላቸውም። ፍሪጁ ውስጥ የቀረው ዶሮ ወጥ መቅለጥ ጀመረ። ሴትየዋ በግቢው የጋዝ ምድጃ ላይ አሞቀችውና ጎረቤቱን ጠራች። አንድ የቬትናም ቤተሰብ መጣ። የሜክሲኮ ሰዎች ደግሞ ሥጋቸውን ይዘው መጡ፤ የእነሱም እየቀለጠ ነበር። እንጀራ በሳፋ ቀረበ። ይህን ለእናትህ ንገራቸው። ልጃቸው ያለችበት አገር ሰዎች ሃሪኬን ሲመጣ የሚሠሩት ሥራ አላቸው።

ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚያችው ከጋልቬስተን በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1900 ሃሪኬን መታት። ሳተላይት የለም፤ ራዳር የለም። በአንድ ሌሊት ቢያንስ 6,000 ሰው አለቀ፤ ብዙዎች 8,000 ይሉታል። ከ108 ዓመት በኋላ አይክ ያንኑ ደሴት ሲመታ በቴክሳስ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። የተለወጠው ሰዎቹ ቀድመው ማወቃቸው ነው። ዛሬ አደገኛው ነፋስ ሊመጣ ይችላል ሲባል 48 ሰዓት ቀድሞ ይነገራል። መምጣቱ ከታመነበት ደግሞ የ36 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ይወጣል። መንገዱ እስከ 5 ቀን ቀድሞ በካርታ ይታያል።

ይሁንና እህትህ ሙሉ በሙሉ አትዘናጋ። ሰው «ሃሪኬን» ሲባል ነፋስ ያስባል። የሚገድለው በብዛት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሃርቪ ቴክሳስ ገብቶ ቆመ፤ አልሄድም አለ። ከሂውስተን በስተምሥራቅ ያለች አንዲት ከተማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደባት። ባሕር ዳር በዓመት የምታገኘው 1,400 አካባቢ ነው። የእኛን ክረምትና በጋ ጨምቀህ በአንድ ሳምንት አፍስሰው። በሃርቪ በቀጥታ ከሞቱት 68 ሰዎች ከሦስቱ በስተቀር ሁሉንም የወሰዳቸው የዝናቡ ጎርፍ ነው። ብዙዎቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ከጉልበት ከፍ ያለ ውሃ ደግሞ ትልቁንም ይወስደዋል። እህትህ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ እሱን ትያዝ፦ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ አይነዳም።

«ልጄን አምጡልኝ» ስለሚለው ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሪታ መጣች። ሂውስተን ደነገጠ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ወጣ። መንገዱ ተዘጋ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹን የገደላቸው ሽሽቱ እንጂ ወጀቡ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከተማው በአካባቢ ተከፋፍሏል፤ ቅድሚያ የሚወጡት ለባሕሩ የቀረቡት ናቸው። እዚያ «ከውሃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተደበቅ» የሚሉት አባባል አላቸው። ትክክል ነው። ቤቷ ጎርፍ የማይደርስበት ከሆነ መቆየቱ ከመሄዱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላው መብራት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 የገባው ቤሪል 1ኛ ደረጃ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች በዚያ ሙቀት መብራት አልነበራቸውም። ጄኔሬተር የሚገዙ ሐበሾች አሉ። ቤት ውስጥም፣ ጋራዥ ውስጥም አይበራ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ ይቀራል። የእኛው የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል የሚያደርገውን ታውቀው የለ? ያው ነው።

አሁን ወደ እህትህ ፍርሃት ልምጣ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ አይሰጥም። በዚህ እህትህ እውነቷን ነው። ግን ባሕር ዳርን ከአዋሽና ከመተሐራ ጋር አንድ አድርጋ አይታታለች። በ2017 ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነበር። የካቲት 7 ቀን 6.0 የደረሰው አዲስ አበባንም አስደንግጧል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቋል። ያ ቦታ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው፤ መሬቱ የሚከፈትበት ስፍራ ነው። እኛ በአየር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብለን ደጋው ላይ ነን። ሥጋቱ ዜሮ አይደለም፤ ግን የእህትህን እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። ለማንኛውም የምትሠሩት ሥራ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቁምሳጥኑንና ቡፌውን ከግድግዳ ጋር እሠሩት። አልጋ ራስጌ ላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር አውርዱ። ከተንቀጠቀጠ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እግሩን ያዙ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናንተ ቤት ማንም ያላነሳው ነው።

መብረቅ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የነሐሴ ቀን ሐይቁ ዳር ቆሜ ነበር። ሰማዩ ከላያችን ጥርት ያለ ነው። የዘጌ ሰዎች እንጨት አራግፈው የደንገል ታንኳቸውን እያዞሩ ነው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ግን ታንኳውን ወደ ደረቅ ጎትቶ አስቀመጠ። «ዛሬ አይገቡም?» አልኩት። በአገጩ ወደ ምሥራቅ አመለከተኝ። ጉና ላይ ደመናው እንደ ባዘቶ ተከምሯል። «ጉና ከሰዓት ካኮረፈ ማታ ሐይቁ ይቆጣል» አለኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወጀቡ ከሐይቁ መሐል ተነሳ። ብልጭታው ደሴቶቹን አንድ በአንድ ያሳይ ነበር፤ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገቤ ያለውን ሰው መስማት አልቻልኩም።

ሽማግሌው ያለው በሳይንስም ልክ ነው። ቀን ቀን ምድሩ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል። አየሩ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ደመናው ጉናና ጮቄ ላይ ይከመራል። ማታ ምድሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሐይቁ ሙቀቱን እንደያዘ ነው። ነፋሱ ይገለበጥና ከየዳርቻው ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። መሐል ላይ ይጋጫል፤ ሽቅብ ይነሳል። የእኛ ዝናብ ሌሊት ሌሊት የሚበረታው ለዚህ ነው።

ታንኳ ላይ ያለ ሰው በዚያ ሜዳ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር እሱ ራሱ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅም እንዲሁ። ዝናብ ሲጥል ባሕር ዛፍ ሥር ወይም ዋርካ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋው ነው። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል ሲባል ሰምተን ያደግን ብዙ ነን። ቀለም አይደለም የሚስበው፤ ከፍታና ብቸኝነት ነው። ብልጭታውን ስታይ በሴኮንድ ቁጠር። ነጎድጓዱ ሲሰማ አቁምና ለ3 አካፍለው፤ በኪሎ ሜትር ርቀቱ እሱ ነው። 30 ሳትደርስ ከሰማኸው ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግባ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማህ በኋላም 30 ደቂቃ ቆይ። ብዙ ሰው የሚመታው «አባራ» ብሎ ሲወጣ ነው።

ጎርፉም አለ። በ1998 ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ውሃ አልብሰዋቸው ነበር። በዚያው ክረምት ድሬዳዋ ሰው በተኛበት ደራሽ ውሃ መጥቶ ከ250 በላይ ነፍስ ወሰደ። ዝናቡ የጣለው ከተማው ላይ አልነበረም፤ ከላይ ደጋው ላይ ነው። በሐምሌ 2016 ጎፋ የሆነውን ደግሞ ሳስብ አሁንም ልቤ ይደማል። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደግነታቸው ወሰዳቸው። ናዳ የወረደበት ገደል እንደገና ሊወርድ ይችላል፤ ይህን የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው ቢኖር ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ድርቅን እዚህ አላነሳሁትም፤ ከሁሉ የከፋው ግን እሱ ነው። በ77ቱ ድርቅ ያለቀብንን ያህል ሕዝብ ሃሪኬንም መንቀጥቀጥም አልፈጀብንም። ከሁሉ ረጅም ጊዜ የሚሰጠውም እሱ ነበር፤ ወራት።

እንግዲህ ማነው የባሰ አደጋ ላይ ያለው? እህትህ ያለችበት አደጋ ግዙፍ ነው፤ ግን ይነግራታል። እናትህ ያሉበት አደጋ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየሌሊቱ ደጃቸው ላይ ነው፤ የሚሰጣቸውም ግማሽ ደቂቃ ነው። በእኔ ግምት እናንተ ቤት በዚህ ክረምት ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ባሕር ዳር ያለው ሰው ነው።

ለእናትህ «አትፍሪ» አትበላቸው። ፍርሃት በትእዛዝ አይሄድም። የሚያደርጉት ነገር ስጣቸው። ለእህትህ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቋት። ቤትሽ ጎርፍ ከሚያገኛቸው ቦታዎች ውስጥ ነው ወይ? ውጪ ቢሉሽ የምትሄጂው ማን ጋ ነው? የጎርፍ ኢንሹራንስ አለሽ ወይ? ይህ የመጨረሻው ያስቸኩላል። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፉ ደግሞ ከተገዛ በኋላ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ካላለፈ ሥራ አይጀምርም። ወጀቡ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን የስልኩን ነገር አስተካክሉ። ሃሪኬን ሲገባ የስልክ ምሰሶ ይወድቃል፤ ኔትወርክ ይጠፋል። እናትህን የሚገድላቸው ያ ዝምታ ነው። ስለዚህ ከቴክሳስ ውጪ ያለ አንድ ዘመድ ምረጡ፤ ዳላስ ሳይሆን ሌላ ስቴት ያለ። እህትህ ለእሱ ብቻ «ደህና ነኝ» ብላ በጽሑፍ ትላክ። ጥሪ ባይገባም አጭር መልእክት ይሾልካል። እሱ ለእናንተ ይደውላል። እናትህም ሁለትና ሦስት ቀን ድምፅ ቢጠፋ መብራት ስለሌለ መሆኑን ከአሁኑ ይወቁት። ወቅቱ ሳይበረታ ከእህትህ አፍ ይስሙት።

የቤቷን መልስ ስታገኝ ጻፍልኝ፤ ለእናትህ ራሴ አስረዳቸዋለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ ንገራቸው። ሌሊት ነጎድጓድ ሲጀምር ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅለው ይያዙት።